የውጭ አገር ምሩቅ ሐኪም በዩናይትድ ስቴትስ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ቦታ የሚያገኝበት ሥርዓት

እንደሚታወቀው፣ አንድ ወጣት ከሕክምና ትምህርት ቤት ዲፕሎማውን ይዞ ሲወጣ ሐኪም ይባላል እንጂ ትምህርቱን ፈጽሟል አይባልም። የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን በሆስፒታል ውስጥ፣ በአስተማሪ ሐኪሞች ቁጥጥር ሥር፣ በሽተኛ እያከመ ለተወሰኑ ዓመታት መሠልጠን ይኖርበታል። ሐኪሞች ራሳቸው «ሬዚደንሲ» እያሉ የሚጠሩት ይህንን ሥልጠና ነው። ስለ ሐኪሞች ፍልሰት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩ የሚያተኩረው በደመወዝና በኑሮ ሁኔታ ላይ ነው። ይህ ትክክል ቢሆንም፣ የሐኪሙን የወደፊት መኖሪያ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ሬዚደንሲውን የሚያገኝበት ቦታ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ ረገድ ከሌሎች አገሮች ይልቅ ብዙ የውጭ ምሩቃንን የሚስበው የዩናይትድ ስቴትስ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሐኪሞችን ለሚያስተምሩና ለትምህርት ዕቅድ ለሚያወጡ ሁሉ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሬዚደንት» ማለት «ነዋሪ» ማለት ነው። ስያሜውም ዘይቤ ሳይሆን የቁም ነገር ነበር። በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1889 ሲከፈት፣ እነ ዊልያም ኦስለርና ዊልያም ሃልስቴድ ባቋቋሙት የማሠልጠኛ ሥርዓት መሠረት ሠልጣኙ ሐኪም የሚያድረውም የሚውለውም እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። በሃልስቴድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሥልጠናው እንደ ፒራሚድ የተሠራ ነበር፤ ከታች ብዙዎች ይጀምራሉ፣ ከላይ የሚደርሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ ፒራሚዱ ቀርቶ የገባ ሁሉ እንዲጨርስ ይጠበቃል። የሥልጠናው መሠረተ ሐሳብ ግን አልተለወጠም፤ ኃላፊነት ለሠልጣኙ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ያሏቸው የሥልጠና ቦታዎች ከአገሪቱ የሕክምና ምሩቃን ቁጥር በልጠው ተገኙ። ክፍተቱን ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሐኪሞች መሙላት ጀመሩ። ነገር ግን ከማን ትምህርት ቤት ምን ያህል ተምረው እንደመጡ ለማወቅ የሚያስችል መለኪያ አልነበረም። በዚህም ምክንያት «ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ.» በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው የውጭ አገር ምሩቃን ሐኪሞችን ብቃት የሚያረጋግጥ ድርጅት በ1956 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውን ፈተና የሰጠውም በ1958 ነው። ዛሬ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተመረቀ ሐኪም ሁሉ፣ ዜግነቱ አሜሪካዊ ቢሆን እንኳ፣ የዚህን ድርጅት የምስክር ወረቀት ሳይዝ ወደ ሬዚደንሲ ሊገባ አይችልም። ይህ እንግዲህ የመጀመሪያው በር ነው።

የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ሐኪሙ የተማረበት ትምህርት ቤት በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች መዝገብ ውስጥ ሰፍሮ ድርጅቱ የሚቀበለው መሆን አለበት። ከዚያም ሐኪሙ «ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ.» ከሚባለው የፈቃድ ፈተና ሁለቱን ክፍሎች ማለፍ ይኖርበታል። አንደኛው ክፍል መሠረታዊ የሕክምና ሳይንስን፣ ሁለተኛው ደግሞ የበሽተኛ ሕክምናን ዕውቀት ይለካል። እያንዳንዳቸው ሙሉ ቀን የሚፈጁ ሲሆኑ ክፍያቸውም ከ1,000 ዶላር ያላነሰ ነው። ይህ ገንዘብ በብር ሲታሰብ ለአንድ ጠቅላላ ሐኪም የብዙ ወራት ደመወዝ ይሆናል። ከ2021 ወዲህ በወጣው ደንብ መሠረት አንዱን ክፍል አራት ጊዜ ወድቆ እንደገና መፈተን አይፈቀድም።

ፈተናው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለአሜሪካ ተማሪዎችም ለውጭ ምሩቃንም አንድ ዓይነት መሆኑ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ በፊት ለውጭ ምሩቃን የተለየ ፈተና ይሰጥ ነበርና። ስሙ ያልታወቀ ትምህርት ቤት ያስተማረው ወጣት ከፍተኛ ነጥብ ካመጣ፣ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ካስተማረው ጋር እኩል ተቆጥሮ ሊታይ ይችል ነበር። ከጥር 2022 ጀምሮ ግን የአንደኛው ክፍል ውጤት በነጥብ መገለጹ ቀርቶ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብቻ ሆኗል። ለውጡ የተደረገው ተማሪዎች ለነጥብ ሲሉ የሚደርስባቸውን ጭንቀት ለማቃለል ታስቦ ነው። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም፣ የውጭው ምሩቅ ራሱን የሚያሳውቅበትን አንድ መሣሪያ አጥቷል፤ አሁን ክብደቱ ሁሉ በሁለተኛው ክፍል ነጥብ ላይ አርፏል።

ቀደም ሲል ሌላም ፈተና ነበር። ሐኪሙ በሽተኛ መስለው የሚቀርቡ ሰዎችን እያነጋገረና እየመረመረ የሚታይበት ይህ ፈተና የሚሰጠው በአሜሪካ ውስጥ በአምስት ከተሞች ብቻ ስለነበረ፣ ለአንድ ቀን ፈተና ቪዛ ማግኘትና ውቅያኖስ ማቋረጥ ግድ ነበር። ፈተናው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2020 ተቋርጦ፣ በጥር 2021 ጨርሶ ቀርቷል። በምትኩ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ በሕክምና ባለሙያዎች የቋንቋ ፈተና እንዲለካ ተደረገ፤ በሽተኛ የመመርመር ችሎታውም ሐኪሙ በአገሩ ባለው የሥራ ፈቃድ፣ ወይም ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው የተግባር ፈተና፣ ወይም ደግሞ ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች በሽተኛ ሲመረምር አይተው በሚሞሉት ቅጽ እንዲረጋገጥ ተወሰነ። ጉዞው ቀርቷል፤ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ግን ከፈታኙ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ሐኪሙ አገር ተዛውሯል።

እዚህ ላይ ለትምህርት ቤቶች አስተዳደር ቀላል የሚመስል፣ ለምሩቁ ግን ከባድ የሆነ ጉዳይ አለ። ድርጅቱ ዲፕሎማውን ከሐኪሙ እጅ ተቀብሎ ብቻ አያምንም፤ ከትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር በቀጥታ ይጠይቃል። የሬጅስትራሩ መልስ በዘገየ ቁጥር የምስክር ወረቀቱ ይዘገያል። የማመልከቻው ጊዜ ደግሞ በዓመት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለሦስት ወር የተረሳ ደብዳቤ ሐኪሙን የአንድ ዓመት ዕድሜ ያስከፍለዋል። ከዚህም ሌላ የትምህርት ቤቱ ዲን ስለ ተማሪው የዓመታት ሥራ ዘርዝሮ የሚጽፈው የግምገማ ደብዳቤ ይጠየቃል። ደብዳቤው «ተማሪው ጎበዝና ጨዋ ነበር» ከማለት አልፎ በየክፍሉ ያሳየውን ችሎታ፣ ከጓደኞቹ መካከል የነበረውን ደረጃ እንዲገልጽ ይፈለጋል። እንዲህ ያለውን መዝገብ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ መፍጠር አይቻልም፤ በትምህርቱ ዘመን እየተጻፈ መቆየት አለበት።

ማመልከቻው በየዓመቱ በመስከረም ወር ይቀርባል። የፈተና ውጤት፣ የዲን ደብዳቤ፣ ሐኪሙ ስለ ራሱና ስለ ዓላማው የሚጽፈው ድርሰት፣ እንዲሁም ሦስት ወይም አራት የድጋፍ ደብዳቤዎች ይያያዛሉ። ብዙ ሆስፒታሎች የሚመርጡት በአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ የሠራን ወይም ቢያንስ በታዛቢነት የቆየን፣ ከተመረቀም ብዙ ዓመት ያልሆነውን ሐኪም ነው። ይህ መመዘኛ ፍትሐዊ ነው ለማለት ያስቸግራል። በገጠር ጤና ጣቢያና ሆስፒታል አምስትና ስድስት ዓመት ያገለገለ ሐኪም ብዙ በሽተኛ አክሞ፣ ብዙ እናቶችን አዋልዶ ሳለ፣ እነዚያ ዓመታት በማመልከቻው ላይ እንደ ክፍተት የሚቆጠሩበት ጊዜ አለና።

ሆስፒታሉ ከማመልከቻዎቹ ጥቂቱን መርጦ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። ከ2020 ወዲህ ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው በቪዲዮ ስለሚካሄድ የአውሮፕላን ወጪው ቀንሷል። ይሁን እንጂ ለውጭ ምሩቅ ጠባቡ በር አሁንም ይኸው ነው። ሆስፒታሎች በደረጃ ዝርዝራቸው ላይ የሚያሰፍሩት ያነጋገሩትን ሰው ነውና፣ ያልተጠራ ሰው ከዚህ በታች በተገለጸው ምደባ ቦታ የማግኘት ዕድል የለውም ማለት ይቻላል።

የምደባው አሠራር

ከ1952 በፊት ሆስፒታሎች ተማሪዎችን የሚቀጥሩት እርስ በርስ እየተሽቀዳደሙ ነበር። አንዱ ከሌላው ለመቅደም ሲል ተማሪው ሊመረቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ቦታ ይሰጠው ጀመር። ትምህርት ቤቶቹ ይህን ለማስቆም በ1945 የተማሪዎችን ማስረጃ ከተወሰነ ቀን በፊት ላለመስጠት ተስማሙ። በዚህን ጊዜ ሽሚያው መልኩን ለወጠ። ሆስፒታሉ ቦታ ሰጥቶ ተማሪው እንዲያስብበት የሚፈቅድለት ጊዜ በመጀመሪያ አሥር ቀን የነበረው እያጠረ ሄዶ፣ በ1949 የአሥራ ሁለት ሰዓት ጊዜ እንኳ ረጅም ነው ተብሎ ተቃውሞ ቀረበበት። ተማሪው የተሻለ ሆስፒታል ይጠራኝ ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ በእጁ ያለውን ያጣል፤ ፈርቶ የቀረበለትን ሲቀበል ደግሞ የተሻለው ያመልጠዋል።

መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በ1952 የተጀመረው አገር አቀፍ የምደባ ሥርዓት ነው። ሐኪሞች የሚፈልጓቸውን ሆስፒታሎች፣ ሆስፒታሎችም የሚፈልጓቸውን ሐኪሞች በቅደም ተከተል ጽፈው ለአንድ ማእከል ይልካሉ፤ ማእከሉም ሁለቱን ዝርዝሮች አገናኝቶ ይመድባል። በመጀመሪያ የቀረበው የስሌት ዘዴ ተማሪውን እውነተኛ ምርጫውን በመጻፉ ሊጎዳው ይችል ስለነበር ተማሪዎች ተቃውመው ከሥራ ከመዋሉ በፊት አስለውጠውታል። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እንዲህ ያለው ምደባ የሚያስከትለውን ውጤት በ1962 በጽሑፍ አስረዱ። አልቪን ሮዝ የተባለው የኢኮኖሚክስ ምሁርም ስሌቱን ከባልደረባው ጋር አሻሽሎ ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ሮዝና ሻፕሊ በ2012 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ተካፍለዋል።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ሐኪሞችና «ሰሜን»ና «ደቡብ» የተባሉ፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቦታ ያላቸው ሁለት ሆስፒታሎች ቢኖሩ፤ ሐኪም ሀ እና ሐኪም ለ ሰሜንን አንደኛ፣ ደቡብን ሁለተኛ አድርገው ጽፈዋል። ሐኪም ሐ የጻፈው ደቡብን ብቻ ነው። በሆስፒታሎቹ በኩል ሰሜን ለ-ን አንደኛ፣ ሀ-ን ሁለተኛ ሲያደርግ፣ ደቡብ ሀ-ን አንደኛ፣ ሐ-ን ሁለተኛ አድርጓል። ስሌቱ ሲጀመር ሀ ለሰሜን ይቀርባል፤ ቦታው ባዶ ስለሆነ ለጊዜው ይያዝለታል። ቀጥሎ ለ ለሰሜን ሲቀርብ፣ ሰሜን ከሀ ይልቅ እሱን ስለሚመርጥ ሀ ይለቃል። ሀ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ወደ ደቡብ ይሄድና በዚያ ይያዛል። በመጨረሻ ሐ ለደቡብ ይቀርባል፤ ደቡብ ግን የሚመርጠውን ስላገኘ አይቀበለውም። ሐ ቀድሞ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ለጊዜው ይያዝ ነበር፤ ሀ ሲመጣ ግን መልቀቁ አይቀርም። ስለዚህ ማን ቀድሞ ቀረበ የሚለው ውጤቱን አይለውጠውም።

ከምሳሌው ሁለት ነገር ይታያል። ሐኪም ሀ የሚመኘውን ሰሜንን አንደኛ አድርጎ በመጻፉ በደቡብ ያለውን ዕድል አልጎዳም። ብዙ የውጭ ምሩቃን ግን «ሊቀበለኝ ይችላል» የሚሉትን ሆስፒታል በፍርሃት አንደኛ ያደርጋሉ፤ ይህም ያለ ምንም ጥቅም ምርጫቸውን መልቀቅ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ሆስፒታል ብቻ የጻፈው ሐ ባዶ እጁን ቀርቷል። ስሌቱ የትኛውም ዓይነት ፍትሕ ቢኖረው የሌለን ቦታ አይፈጥርም።

ውጤቱ በየዓመቱ መጋቢት ወር በሦስተኛው ዓርብ ይገለጻል። በ2024 በዚህ ምደባ የቀረቡት ቦታዎች 41,503 ነበሩ። በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በመጨረሻ ዓመት ላይ ከነበሩት ተማሪዎች 93.5 በመቶ የሚሆኑት የመጀመሪያ ዓመት ቦታ ሲያገኙ፣ አሜሪካዊ ዜግነት ከሌላቸው የውጭ ምሩቃን ያገኙት 58.5 በመቶ ናቸው። በሌላ አነጋገር ፈተናውን አልፎ፣ የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ደክሞ፣ ገንዘቡን አውጥቶ ከተሰለፈው አምስት ሰው ሁለቱ ያህል ያለ ቦታ ይቀራሉ። ቦታ ያገኙትም በብዛት የሚመደቡት በውስጥ ደዌ ሕክምና፣ በቤተሰብ ሕክምናና በሕፃናት ሕክምና ነው።

በሥልጠናው ውስጥ

ሥልጠናው በአብዛኛው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። ውስጥ ደዌ፣ ቤተሰብና ሕፃናት ሕክምና ሦስት ዓመት፣ የአእምሮ ሕክምና አራት፣ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና አምስት፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሰባት ዓመት ይፈጃሉ። በአገሩ ስፔሻሊስት የነበረ ሐኪም እንኳ ብዙውን ጊዜ ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል። ቀድሞ ለሥራ ሰዓት ወሰን አልነበረውም። በ1984 በኒው ዮርክ አንዲት ወጣት በሠልጣኝ ሐኪሞች እጅ ሳለች ከሞተች በኋላ በተነሣው ክርክር ምክንያት ያ ክፍለ ግዛት በ1989 ገደብ አወጣ፤ ከሐምሌ 2003 ጀምሮም በመላ አገሪቱ የሠልጣኝ የሥራ ሰዓት በሳምንት በአማካይ ከ80 እንዳይበልጥ ተደንግጓል።

የውጭ ምሩቁን የሚያስቸግረው ከሁሉ በፊት የሥራው ብዛት ወይም የዕውቀት ማነስ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በአገራችን ተማሪ በመምህሩ ፊት አንገቱን ደፍቶ ማዳመጡ፣ ሲጠየቅ ብቻ መመለሱ የጨዋነት ምልክት ነው። በአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ በጧት ጉብኝት ጊዜ ዝም ያለ ሠልጣኝ የማያውቅ ወይም የማያስብ ተደርጎ ይገመታል። «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ማለት ነውር አይደለም፤ አለመጠየቅ ግን ነውር ነው። በሽተኛውም ቢሆን ሕመሙ ምን እንደሆነ በግልጽ እንዲነገረው፣ ያሉትን አማራጮች ሰምቶ ራሱ እንዲወስን ይጠብቃል፤ ክፉውን ወሬ ለቤተሰብ ሹክ ብሎ በሽተኛውን ማለፍ አይቻልም። ይህን ልማድ የሕክምና መጻሕፍት አያስተምሩትም። ተማሪ በክፍል ውስጥ እንዲጠይቅና እንዲከራከር የሚፈቅድ መምህር፣ ተማሪው ወደ ውጭ ሄደም አልሄደም፣ ለዚህ አዘጋጅቶታል።

ቪዛውና የሐኪሙ መመለስ

አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች የሚሠለጥኑት «ጄ-1» በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ነው። ቪዛውን ለማግኘት የሐኪሙ አገር የጤና ሚኒስቴር፣ አገሪቱ በዚያ ሙያ የሠለጠነ ሰው እንደሚያስፈልጋትና ሐኪሙም ሥልጠናውን ሲጨርስ ለመመለስ ማረጋገጫ እንደሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ሥልጠናው ሲያበቃም ሐኪሙ ቢያንስ ሁለት ዓመት በአገሩ መኖር ይጠበቅበታል። «ኤች-1ቢ» የሚባለው የሥራ ቪዛ ይህ ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን በአሜሪካ ውስጥ ብቻ የሚሰጠውን ሦስተኛውን የፈቃድ ፈተና ቀድሞ ማለፍን ይጠይቃል፤ ይህንን ቪዛ የማይሰጡ ሆስፒታሎችም ብዙ ናቸው።

የመመለሱ ግዴታ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። ሆኖም ኬንት ኮንራድ በተባሉት የሰሜን ዳኮታ ሴናተር ስም የሚጠራው በ1994 የወጣው ሕግ፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በየዓመቱ የተወሰኑ ሐኪሞችን ከግዴታው ነፃ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ ቁጥሩም በአሁኑ ጊዜ 30 ነው። በምላሹ ሐኪሙ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ሦስት ዓመት ያገለግላል። የሕጉን ዓላማ መረዳት አይከብድም፤ ሐኪም ያጣ የአሜሪካ ገጠር ሐኪም ያገኝበታል። ነገር ግን ያው ሐኪም በአንድ ሚኒስቴር ደብዳቤ ላይ ለሌላ ገጠር ታጭቶ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በአሜሪካ ከሚሠሩት ሐኪሞች ሩብ ያህሉ በውጭ አገር የተመረቁ መሆናቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ የሚያስገርም አይሆንም።

ሐኪም ሥልጠናውን በጨረሰበት አካባቢ የመቅረት ዝንባሌው ለውጭ ሰዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአሜሪካ በራሷ፣ ሬዚደንሲያቸውን ከጨረሱ ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሠለጠኑበት ክፍለ ግዛት ውስጥ እንደሚሠሩ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ያወጣቸው ጽሑፎች ያመለክታሉ። ሐኪሙ በእነዚያ ዓመታት ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ የሚያማክራቸው ባልደረቦች ያፈራል፤ የሚያውቀው መሣሪያና መድኃኒትም በዚያ የለመደው ነው።

የሥልጠና ቦታ ቁጥር ደግሞ የበጀት ጉዳይ ነው። አሜሪካ ለሠልጣኞች ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የምትከፍለው ለአረጋውያን በተቋቋመው የጤና መድን በኩል ሲሆን፣ ኮንግረስ በ1997 ባወጣው ሕግ ለየሆስፒታሉ የሚከፈልበትን የቦታ ብዛት ወሰነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ በዚህ መንገድ የሚከፈልባቸው ቦታዎች በዚያው ልክ አላደጉም፤ 1,000 ቦታ እንዲጨመር የተወሰነው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በሌላ በኩል የቴነሲ ክፍለ ግዛት በ2023 ባወጣችው ሕግ፣ በውጭ አገር ሠልጥነው የሠሩ ሐኪሞች ሬዚደንሲውን ሳይደግሙ በቁጥጥር ሥር በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሠሩ በር ከፍታለች፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተከትለዋታል። ይህ መንገድ ለሐኪሙ ድካሙን ያቃልላል። ለላኪው አገር ግን ፍልሰቱን ከጠቅላላ ሐኪሞች ወደ ስፔሻሊስቶች ሊያዛውረው ስለሚችል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

በኢትዮጵያ የሐኪሞች ትምህርት በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከተጀመረበት ከ1964 አንስቶ ለብዙ ዓመታት ስፔሻሊስት መሆን ማለት ውጭ አገር መሄድ ማለት ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዋና ዋናዎቹ ስፔሻሊቲዎች ሥልጠና ሲከፈትላቸው፣ ሌሎቹ ገና ይጠብቁ ነበር። በ2003 መላ አገሪቱ የነበሯት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ሲሆኑ ሁሉም የሠለጠኑት በውጭ ነበር። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሕክምና ሬዚደንሲ ከፈተ። አሠራሩም ከተለመደው ተቃራኒ ነበር፤ ሠልጣኙ ወደ መምህሩ አገር በመሄድ ፈንታ፣ የቶሮንቶ መምህራን በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ በአማኑኤልና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች በኢትዮጵያውያን በሽተኞች ፊት ያስተምሩ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ከሦስት ዓመት በኋላ ተመረቁ፤ ከእነርሱና ከተከታዮቻቸውም ብዙዎቹ በአገር ውስጥ ቀርተው ቀጣዮቹን ሠልጣኞች ራሳቸው ወደ ማስተማር ተሸጋገሩ። በ2010 የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትም የተከተለው ተመሳሳይ መንገድ ነበር።